ሐኪሙም አያውቅም፦ ላገረሸ የኦቫሪ ካንሰር አዲስ መድኃኒት እንዴት ይሞከራል?

(ደሴ ላይ ለታካሚ ቤተሰቦች፣ ለጤና ተማሪዎችና ለመጣው ሁሉ ያደረግኩት ንግግር ነው። ስጽፈው አሳጥሬዋለሁ፤ በመጨረሻ ከተጠየቅኩትም የተወሰነውን አስገብቻለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ አለይኩም። ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣችሁ አላችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ወንዶችም በርከት ብላችሁ በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። የማህፀን ነገር ሲነሳ ወጣ የማለት ልማድ አለብን።

በተደጋጋሚ የምጠየቀው ነገር አንድ ነው። እናት ታመዋል። ኬሞ ጨርሰው አገግመው ነበር፤ በሽታው ተመልሶ መጣ። ልጅ ደግሞ ውጭ አገር አለች። አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር። አንድ ቀን በኢሞ ትደውልና "እዚህ አዲስ መድኃኒት እየሞከሩ ነው አሉ፤ እማዬ ለምን አይደርሳትም?" ትላለች። ከዚያ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመጣል። "አዲሱን መድኃኒት እንዴት ነው የምናገኘው?"

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ግን አንድ ነገር እንደ እውነት ይዞ ነው የሚነሳው፤ አዲሱ ከድሮው ይሻላል ብሎ። እሱ ገና አልታወቀም። ቢታወቅማ ኖሮ ሙከራው ባላስፈለገ። ሙከራ የሚደረገው ሐኪሙም ስለማያውቅ ነው። "ይህ የሙከራ መድኃኒት ያድንሻል" ያላችሁ ሰው ካለ፣ ወይ ሙከራ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ ወይ የሚሸጥላችሁ ነገር አለ።

ስለ በሽታው ብዙ አልቆይም። ኦቫሪ የምንለው በማህፀን ግራና ቀኝ ያሉትን፣ የሴት እንቁላል የሚያድግባቸውን ሁለት አካላት ነው። ካንሰሩ ሲጀምር እምብዛም አያምም። ሆድ ይነፋል፣ ትንሽ ሲበሉ ያጠግባል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ይህ ሁሉ ደግሞ እኛ ዘንድ "ጨጓራ ነው" ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ቀድሞ ማግኘት ይቻላል ወይ ተብሎ እንግሊዝ ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች ለዓመታት ተጠንተዋል። የመጨረሻው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። ምርመራው የሞቱን ቁጥር አልቀነሰውም። ስለዚህ ዛሬም ብዙዎቹ ሴቶች ሐኪም ቤት የሚደርሱት ሆዳቸው ውሃ ከቋጠረ በኋላ ነው።

ሕክምናው ቀዶ ሕክምናና ኬሞ ነው። ኬሞው በአብዛኛው ሁለት መድኃኒት ነው፤ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል። ብዙ ሴት በዚህ ታገግማለች። ችግሩ፣ በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘባቸው ከ10 ሴቶች በ7ቱ ወይም በ8ቱ ላይ ያገረሻል።

ሲያገረሽ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ጊዜውን ነው። ከመጨረሻው ካርቦፕላቲን በኋላ ከ6 ወር በላይ ቆይቶ ከመጣ፣ ያው መድኃኒት እንደገና ሊሠራ ይችላል። 6 ወር ሳይሞላው ከመጣ ግን ካንሰሩ መድኃኒቱን ለምዶታል ይባላል። ይህች የ6 ወር መስመር ሰው ያሰመራት ናት እንጂ በሽታው ካሌንደር አይቆጥርም። ግን የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር ያስፈልግ ነበር። አዲስ መድኃኒት በብዛት የሚሞከረው በሁለተኛው ወገን ላሉት ሴቶች ነው፤ ለእነሱ ያለው አማራጭ ጠባብ ስለሆነ።

አሁን ጨዋታውን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሰው። "በሰው ላይ ሙከራ" ሲባል የሚዘገንነው ሰው አለ። እውነቱን ነው፤ የሚዘገንን ታሪክ አለና። አሜሪካ ውስጥ ተስኪጊ በሚባል ቦታ ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች ሕክምና እየነፈጉ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ "አጥንተዋቸዋል" (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ናዚዎች እስረኞች ላይ የሠሩት አለ። ዛሬ ያሉት ሕጎች የመጡት ከዚያ ጉድ ነው፤ የኑረምበርግ ደንብ በ1947፣ የሄልሲንኪ መግለጫ በ1964። ግን ዛሬ ደሴም ሆነ አዲስ አበባ የሚንጠለጠለው ኬሞም ከሙከራ ነው የመጣው። ይህ ብዙ አይወራም።

ካርቦፕላቲን የሲስፕላቲን ዘመድ ነው። ሲስፕላቲን ደግሞ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ባርኔት ሮዘንበርግ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1965 ባክቴሪያ ላይ ኤሌክትሪክ ሲሞክር፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቆሙ። ኤሌክትሪኩ አልነበረም። ከፕላቲንየም የተሠራው ዘንግ ውሃው ውስጥ እየሟሟ ነው ያስቆማቸው። በ1978 ለካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። ካርቦፕላቲን በ1989 ሲከተለው መጀመሪያ የተፈቀደው ለማን ይመስላችኋል? የኦቫሪ ካንሰር ላገረሸባቸው ሴቶች።

ፓክሊታክሰል የመጣው ከዛፍ ቅርፊት ነው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚበቅል ዩ የሚባል ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ ለምርምር የተሰበሰበው በ1962 ነው። መድኃኒቱ የተፈቀደው በ1992። 30 ዓመት ፈጀ። መሃል ላይ ሊጣል ምንም አልቀረውም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ላይ ከባድ አለርጂ አስነሳ፣ ሕይወት እስከማሳጣት ደረሰ። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን በዝግታ ማንጠባጠብና የአለርጂ መከላከያ አስቀድሞ መስጠት ጀመሩ። ያ ሠራ። ከዚያ ባልቲሞር ውስጥ ነባሩ ኬሞ ያልሠራላቸው 47 የኦቫሪ ካንሰር ታካሚዎች ወሰዱት፤ ውጤቱን መለካት የተቻለው በ40ዎቹ ላይ ነው። ውጤቱ በ1989 ታተመ፤ በ12ቱ ላይ ካንሰሩ ቀነሰ። በ28ቱ ላይ አልቀነሰም።

እዚህ መካከል ፓክሊታክሰል የወሰዳችሁ እናቶች ካላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ዋናው መድኃኒት ከመሰቀሉ በፊት ዴክሳሜታዞን ይሰጣችኋል፤ በመርፌ፣ ወይም ማታውኑ ቤት የሚዋጥ ክኒን። "ገና ሳይጀመር ይህ ደግሞ ምንድነው?" ያላችሁ አትጠፉም። ምክንያቱ እሱ ነው። ያኔ የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ላይ የታየው አለርጂ እናንተ ላይ እንዳይመጣ ነው።

እንግዲህ ወደ ዛሬው። አንድ መድኃኒት ልምረጥና በሱ ላይ ልቆይ። ሚርቬቱክሲማብ ሶራቭታንሲን ይባላል። ስሙን ለመያዝ አትድከሙ፤ እኔም ተለማምጄ ነው የመጣሁት። አንቲቦዲ ነው፤ አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ማለት ነው፤ መርዝ ተለጥፎበታል። የአንዳንድ ሴቶች የካንሰር ሴል ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን የሚቀበል ነገር ላዩ ላይ በብዛት ያወጣል። አንቲቦዲው ያንን ፈልጎ ይይዛል፣ ሴሉ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ መርዙ እዚያ ይለቀቃል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ግሩም ሐሳብ ግን በሽታ አያድንም፤ መሞከር አለበት።

የሰው ሙከራ በደረጃ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት ታካሚዎች ይገባሉ፤ ዋናው ጥያቄ "ስንት መጠን ይቻላል?" ነው። በሁለተኛው "ካንሰሩን ይነካዋል ወይ?" ይባላል። በሦስተኛው ከነባሩ ሕክምና ጋር ጎን ለጎን ይወዳደራል። ይህ መድኃኒት የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች አልፎ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ፎርዋርድ አንድ በሚባለው ጥናት 366 ሴቶች ተሳተፉ። በ2019 ውጤቱ ተነገረ፤ ከኬሞ በልጦ አልተገኘም። ወደቀ።

ብዙ መድኃኒት እዚህ ላይ ይሞታል። ይህኛው ያልሞተው ተመራማሪዎቹ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመልሰው ስላዩ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከታካሚዋ የተወሰደው የዕጢ ናሙና በስሱ ይቆረጥና በቀለም ይነከራል። ያ ፎሌት ተቀባይ ያለበት ሴል ዙሪያው ቡናማ ይሆናል። በመጀመሪያው ጥናት ቡናማ የሆነውን መቁጠር ብቻ ነበር፤ ፈዛዛውን ከደማቁ አይለይም። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር በቂ ያልሆነላቸው ሴቶችም ገብተው ነበር። አዲሱ አቆጣጠር ጥብቅ ሆነ፤ ከ100 የካንሰር ሴል ቢያንስ 75ቱ መካከለኛ ወይም ደማቅ ቡናማ መሆን አለባቸው ተባለ።

በዚህ መለኪያ ሚራሶል የተባለው ጥናት ተደረገ። 453 ሴቶች ገቡ፤ ሁሉም ካርቦፕላቲንን የለመደ ካንሰር ያገረሸባቸው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ አዲሱን ወሰዱ፤ ግማሾቹ ሐኪማቸው የመረጠላቸውን ኬሞ። አዲሱን ከወሰዱት ከ100 በ42ቱ ካንሰሩ በጉልህ ቀነሰ፤ በኬሞው ወገን ከ100 በ16ቱ። የዕድሜው ልዩነት ግን ይህን ያህል አይሰፋም። አዲሱን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ16 ወር ተኩል በላይ ኖሩ፤ በኬሞው ወገን ያው ልኬት ወደ 12 ወር ከሦስት ሳምንት ነው። በዚህ ውጤት የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ሙሉ ፈቃድ ሰጠው።

ልዩነቱ ወደ 4 ወር ይጠጋል። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ያህል ነው። "ይህ ሁሉ ለአራት ወር ነው?" የሚል ሰው ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጤነኛ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ያቺ ጊዜ ምን ያህል እንደምታወጣ የምትወስነው ታካሚዋ ናት። ለመወሰን ደግሞ ሌላውንም ማወቅ አለባት። መድኃኒቱ ዓይን ያደበዝዛል፤ የዓይኑን ብሌን ያስቆጣል። በሕክምናው ጊዜ ጠብታ አይቋረጥም፣ የዓይን ሐኪም በየጊዜው ያያል። በየሦስት ሳምንቱ ነው በደም ሥር የሚሰጠው። ዳዊት የሚደግሙ ወይም ቁርዓን የሚቀሩ እናት ይህን ቀድመው መስማት አለባቸው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ላሳያችሁ። ኦላፓሪብ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ብራካ የሚባለው ጂን በውርስ የተበላሸባቸው ሴቶች ካንሰር ላይ ይሠራል። አሜሪካ በታህሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ስትፈቅደው ሦስትና ከዚያ በላይ ዙር ኬሞ ለወሰዱ ነበር፤ ካንሰሩን ሲያሳንስ ስለታየ። ሁሉም ተደሰተ። በኋላ ከኬሞ ጋር ሲወዳደር፣ ብዙ ዙር በወሰዱት ሴቶች ላይ ዕድሜ እንዳያሳጥር የሚያሰጋ ምልክት መጣ። በ2022 ያ አጠቃቀም ተሰረዘ። የእሱ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሌሎች መድኃኒቶችም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳቸው። ካንሰር አሳነሰ ማለት ዕድሜ ጨመረ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

መድኃኒቱ ግን አልተጣለም። ይኸው ኦላፓሪብ በመጀመሪያው ዙር፣ ኬሞው ሠርቶ ካበቃ በኋላ ለማቆያነት ሲሰጥ ሌላ ታሪክ አለው። ብራካ ያለባቸው ሴቶች ከ7 ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ከወሰዱት ከ100ው 67ቱ በሕይወት ነበሩ፤ ካልወሰዱት 46 ወይም 47ቱ። አንድ ክኒን፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት መልስ።

ስለ ዕጣው እናውራ። "ውሃ ወግተው ሊልኩኝ ነው" የሚል ፍራቻ አለ። ላገረሸ ካንሰር በሚደረግ ሙከራ፣ የሚሠራ ሕክምና እያለ ሰውን በባዶ ማስቀመጥ አይፈቀድም። አዲሱ ያልደረሳት ነባሩ ይደርሳታል። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም ወገን ነባሩን ይወስዱና አንደኛው ወገን አዲሱ፣ ሌላው ወገን ባዶ ክኒን ይጨመርለታል። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ሐኪሙ ለዘመዱ መምረጥ አይችልም። በትልልቅ ሙከራዎች ደግሞ ከአምራቹ ነጻ የሆኑ ባለሙያዎች በየመሃሉ ውጤቱን ያያሉ። አንዱ ወገን እየተጎዳ ከሆነ ያስቆሙታል።

ፊርማው ላይ ግን ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። በሕግ አንዲት ታካሚ ወደ ሙከራ የምትገባው ሁሉ ተነግሯት፣ ጠይቃ፣ ፈቅዳ ነው። ማንበብ የማትችል ከሆነ ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ምስክር ባለበት ተነቦላት በጣቷ ትፈርማለች። ወረቀቱ ላይ ይህ ቆንጆ ነው። እኛ ቤት ያለው ግን ምንድነው? ወንድም ቀድሞ ይገባና ሐኪሙን ጥግ ይዞ "ካንሰር ነው ብላችሁ እንዳትነግሩብን፤ ትደነግጣለች" ይላል። ሐኪሙም "ዕጢ ነገር ነው" ብሎ ያልፋል። ሴትዮዋ ፀጉሯ እየረገፈ፣ አጠገቧ የተኛችው ሴት ኬሞ እየወሰደች እያየች፣ "አብሽሪ፣ ቀላል ነው" ይባላል። ታውቃለች እኮ። ልጆቿ እንዳይጨነቁ ነው ዝም የምትለው። በሽታዋ ያልተነገራት ሴት ስለ ሙከራ ልትወስን አትችልም። ባልም ይፈርም ልጅም ይፈርም፣ የእሷ ካልሆነ ፈቃድ አይደለም። የምትደብቁት ስለምትወዷት መሆኑ ይገባኛል። ግን ንገሯት።

እኛስ አገር? እስካሁን የነገርኳችሁ የካንሰር ጥናቶች አንዱም ኢትዮጵያ ውስጥ አልተደረገም። መድኃኒት መሞከር ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ወደ ሑመራና መተማ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ የወሎ ልጆች በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን ካላዛርን ያውቁታል። ለካላዛር ፓሮሞማይሲን የሚባል መድኃኒት ህንድ ውስጥ ተሞክሮ ከ100 ታካሚ 95 ያህሉን አዳነ። ያው መጠን ጎንደርን ጨምሮ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ሲሞከር የዳኑት 64 ያህል ብቻ ሆኑ። እዚህ ባይሞከር ኖሮ የህንዱን ቁጥር ይዘን ሰዎቻችንን በማይበቃ መድኃኒት እናክም ነበር። በኋላ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ለ17 ቀን እንዲሰጥ የተወሰነው ከዚያ ሙከራ ነው።

ለካንሰርም እንዲህ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ግን በምኞት አይሆንም። ናሙናውን በቅጡ የሚያነብ ፓቶሎጂስት፣ የማይቋረጥ መብራት፣ የማይጠፋ የታካሚ ፋይል ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወሎ ሆስፒታሎች ሲዘረፉ የጠፋው ዕቃ ብቻ አልነበረም።

ከጥያቄዎቹ መካከል፦

አንድ አባት "ሙከራ ውስጥ ለመግባት ስንት ያስከፍላል?" አሉ። የሚሞከረው መድኃኒት ዋጋ አይጠየቅበትም። ክፈሉ ካሏችሁ ሽሹ። ትራንስፖርትና ማደሪያ ግን ሌላ ነው፤ ከዚህ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ በየሦስት ሳምንቱ መመላለስ እጅ ያሳጥራል። ጥናቱ ይሸፍን እንደሆነ ከመፈረም በፊት ጠይቁ። አገራችን ውስጥ "ሙከራ ነው" ያላችሁ ካለ ደግሞ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀበትን ወረቀትና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አሳዩኝ በሉ። ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ ዱቄት ይህ የለውም።

አንዲት እህት "ገብቼ ብተወውስ ሐኪሙ ይቀየመኛል?" አለች። በማንኛውም ቀን መተው ይቻላል፤ ምክንያት መስጠት ግዴታ አይደለም፤ የተለመደው ሕክምና አይቋረጥም። ብቻ ሳይናገሩ መጥፋት ጥሩ አይደለም፤ መድኃኒቱ ያደረሰው ነገር ካለ መታየት አለበት።

አንዲት ዱበርቲ እናት ደግሞ "ጥቁር አዝሙድና ማር መውሰዴን ልተው ወይ?" ብለው ጠየቁ። ከዛፍ ቅርፊት የመጣ ኬሞ እየሰጠን ዕፅዋትን ልንንቅ አንችልም። ግን ይንገሩን። አንዳንዱ ዕፅ ጉበት ላይ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል። ጉበት ሲቆጣ መድኃኒቱ ነው እንበል ወይስ አዝሙዱ? ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክልዎትም፤ የሚዋጠውን ግን ነርሷ ትጻፈው።

የመጨረሻው ከአንድ ወጣት ነው፤ "እናቴ እዚሁ ናት፣ እህቴ አሜሪካ ናት፤ ዛሬ ምን ላድርግ?" አለ። የፓቶሎጂ ውጤቷን ኮፒ አድርገህ ያዝ። ከዕጢው የተወሰደው ናሙና በሰም ተደርጎ የት እንደተቀመጠ ጠይቅ፤ እንዳይጣልም አስመዝግብ፤ ያ ቡናማ ቀለም የሚቀባው እሱ ላይ ነው። የትኛውን ኬሞ፣ ስንት ዙር፣ በስንት ቀን እንደጨረሰች በአንድ ወረቀት ጻፍ፤ የ6 ወሩ ሒሳብ የሚሠራው ከዚያ ነው። ለእህትህ በኢሞ ፎቶ አንስተህ ላክላት፤ እሷ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ (ClinicalTrials.gov) በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ላይ የትኛው ሙከራ ሰው እየተቀበለ እንደሆነ በነጻ መፈለግ ትችላለች። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ እናትህን "ሕመምሽ ምን እንደሆነ ተነግሮሻል ወይ?" ብለህ ጠይቃት።